የሰረዘችው መልስ

ሰኔ መምህር ላይ ይጨክናል። ውጤት በተለጠፈ ማግስት ቅሬታ ያለው ሁሉ ቢሮዬ በር ላይ ይኮለኮላል፤ ወለሉ ጭቃ ይለብሳል፤ እኔ ጋቢዬን ደርቤ "እሺ፣ አንተስ ምን ሆነሃል?" ስል እውላለሁ። ደብረ ማርቆስ ላይ ቴርሞዳይናሚክስ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ሰልችቶኛል።

ያን ቀን የገባችው ከደብረ ኤልያስ የመጣች፣ ክፍል ውስጥ ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ ልጅ ናት። ለማለፍ ስድስት ማርክ ጎድሏታል። ኮርሱን ስትወስድ ሁለተኛ ጊዜዋ ስለሆነ አሁን ከወደቀች ትባረራለች። ፈተናውን ያረመው ሌላ መምህር ነው፤ "ታዲያ እኔ ምን አባቴ ላድርግልሽ?" ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ደግነቱ ዋጥኩትና ወረቀቷን አወጣሁ።

ጥያቄው የአሥር ማርክ ነው። አንድ ኪሎ ውሃ ከሃያ እስከ ሰማንያ ዲግሪ በጣም ቀስ ብሎ፣ ወደ ኋላም መመለስ በሚቻልበት መንገድ ሲሞቅ ኢንትሮፒው፣ ማለትም የሙቀቱ የመበተን ልክ፣ ምን ያህል ይጨምራል? በየደረጃው የሚገባውን ሙቀት በዚያች ቅጽበት ላለው ቴምፕሬቸር እያካፈሉ መደመር ነው፤ ሲጠቃለል አንድ ሎጋሪዝም ይወጣዋል። ብቻ ዲግሪው ላይ 273 ደምሮ ወደ ኬልቪን መቀየር ያስፈልጋል። ያንን የረሳ ሰው መልሱ ከሰባት እጥፍ በላይ ያብጥበታል።

ልጅቷ አልረሳችም። 273ቱን ደምራ 0.78 ብላ ጽፋለች። ከዚያ ሰርዛው ከሥሩ 5.79 ጽፋለች። አራሚው የተሰረዘ አያይም፤ ዜሮ ሰጥቷታል።

"ምነው አንቺ! በደህና የሠራሽውን ምን ነክቶሽ አጠፋሽው?" ብዬ ጮህኩባት።

ደብተሯን ከቦርሳዋ አውጥታ ገለጠችልኝ። በሁዳዴ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ያስተማርኩት ነው። ያው ውሃ፣ ያው ዲግሪ። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን አንድም ሳታስቀር ገልብጣዋለች። 273 የሚባል ነገር የለም። መልስ፦ 5.79።

ክው አልኩ። ያን ዕለት አራተኛ ክፍለ ጊዜዬ ነበር፤ እህል በአፌ አልዞረም፤ እንደምንም ጨርሼ ቤቴ ለመግባት ነበር ጥድፊያዬ። ሌሎቹ ወይ ከመጽሐፉ አይተው አስተካክለውታል፣ ወይ ልብ አላሉትም። እሷ ግን ፈተና ላይ ትክክለኛውን ከሠራች በኋላ የመምህሯ መልስ ትዝ ሲላት የራሷን ጣለች። መምህር አይሳሳትም ተብላ ነው ያደገችው፤ እኔም ያደግሁት እንደዚያው ነው። አፈርኩ፣ ቀና ብዬ እሷን ማየት እንኳ አቃተኝ።

ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው እዚያው እሷ ፊት ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ስህተቱ የኔ ነው፣ ተማሪዋ ትክክለኛውን መልስ አግኝታ ነበር አልኩ። አንድ ባልደረባዬ "በገዛ እጅህ ስምህን ታጠፋለህ?" ቢለኝ "ይጥፋ!" አልኩት። ኮሚቴው ማርኩን ሰጣት፤ አለፈች።

በሳምንቱ ልታመሰግነኝ መጣች። "እግዜር ይስጥልኝ መምህር" ስትለኝ ሀፍረቴ ብሶብኝ አረፈው።

"ቆይ፣ ያን ዕለት ክፍል ውስጥ ምንም አልተጠራጠርሽም?"

"ግራ ገብቶኝ ነበር፣ መምህር።"

"ታዲያ እጅሽን አውጥተሽ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?"

"አውጥቼ ነበር" አለች መሬት መሬት እያየች። "እርስዎ ግን ሰሌዳውን ተደግፈው ዓይንዎን ጨፍነው ነበር። በጣም እንደደከመዎት ሳይ ጊዜ መልሼ አወረድኩት።"