የቲልማን ግራ ትከሻ

ጎረቤቴ ቲልማን ጣሪያ ሠሪ ነው። የጣሪያ ሸክላ በግራ ትከሻው ተሸክሞ መሰላል ሲወጣ ሰባት ዓመት ከመስኮቴ አይቼዋለሁ። ውሸት የማያውቅ ሰው ነው እል ነበር።

እኛ የደቡብ ጀርመን ሽቫቦች ዘንድ የመንደሩ እሳት አጥፊዎች በበጋ ድግሳቸው ቋሊማ እየጠበሱ የእንግዳውን ጉንጭ ከውስጥ በኩል በጥጥ ይጠርጋሉ፤ ለደም ካንሰር በሽተኞች የመቅኔ ሴል ለጋሽ ፍለጋ ነው። ቲልማንም አፉን ከፍቶ ሰጠና ረሳው። በአምስተኛው ዓመት፣ ባለፈው ግንቦት፣ ለአንድ የማያውቀው በሽተኛ የሚስማማው የእሱ ሴል ብቻ እንደሆነ ተነገረው።

የስምምነት ወረቀቱን ይዞልኝ መጣ። ፍልስፍና ሳስተምር ያረጀሁ ነኝና ዓይኔ የሚሄደው ወደ ትንንሹ ጽሑፍ ነው። ለጋሹ አምስት ቀን መርፌ ይወጋል፤ መርፌው ሴሎቹን ከመቅኔ ወደ ደም ያወጣል። አጥንት ያማል፣ ያልፋል። ከታች ግን «እጅግ አልፎ አልፎ ጣፊያ አብጦ ሊፈነዳ ይችላል» ይላል። ምልክቱ ከግራ ጎድን ሥር ወይም በግራ ትከሻ ላይ የሚሰማ ሕመም ነው።

«እጅግ አልፎ አልፎ ስንት ሰው ነው?» አልኩት።

«መምህር፣ እርስዎ እኮ ፀሐይ ነገ መውጣቷንም ይጠረጥራሉ።»

መርፌውን በጀመረ በአራተኛው ቀን ጠዋት ግቢው ውስጥ ቆሞ አየሁት። ግራኝ ሆኖ ሳለ ስኒውን በቀኝ እጁ ይዟል።

«ትከሻህ ምን ሆነ?»

«የሸክላው ነው። የቆየ ነገር።»

ሐኪሞቹ ሸክም ከከለከሉት ወዲህ መሰላሉ መሬት ላይ እንደተጋደመ ነበር፤ በመወጣጫዎቹ መሃል ሣር በቅሏል።

«ሳትሸከም ነው ሸክላ የሚያምህ?»

ስኒውን አጥሩ ላይ አስቀመጠ። «ከትናንት ጀምሮ ነው። እንዳይናገሩብኝ። የበሽተኛውን መቅኔ እኮ በመድኃኒት ጨርሰውታል፤ የእኔን ነው የሚጠብቀው። አመመኝ ብል መርፌውን ያቆሙታል።»

«ማቆም መብትህ ነው፤ ተጽፏል።»

«ተጽፏል። እርስዎ ቢሆኑ ያቆሙ ነበር?»

ሐኪሞቹን ጠርጥሬያለሁ፣ መድኃኒቱን ጠርጥሬያለሁ፤ ደግነት እንደሚዋሽ ግን አላሰብኩም። እዚያው ፊቱ ቆሜ ወደ ሆስፒታሉ ደወልኩ። ሐኪሟ «አሁኑኑ ይምጣ፤ መኪና ግን እንዳይነዳ» አለች። እኔ ነዳሁ። መንገዱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ «በሽተኛው ቢሞት በእርስዎ ነው።»

ጣፊያው አብጧል፣ አልፈነዳም። መርፌው ቆመ። ሐኪሟ ነገን ሳትጠብቅ ያን ቀን ቀትር ላይ፣ ደሙን ከአንዱ ክንዱ ስቦ ሴሉን ለይቶ በሌላው ከሚመልሰው ማሽን ጋር አገናኘችው። የተሰበሰበው ከታዘዘው ሁለት ሦስተኛ ሆነ።

«ይበቃል» አለች።

እንዲህ ያለ «ይበቃል» ለማጽናናትም ይባላል። ቲልማን ሦስት ቀን ተኝቶ ወጣ፤ ከዚያም በእኔ በኩል ሲያልፍ ማዶ ማዶ ያይ ጀመር።

በሦስተኛው ወር ደብዳቤ ይዞ አጥሩ ዘንድ መጣ።

«በሽተኛው ከሆስፒታል ወጥቷል» ብሎ አነበበልኝ።

«ወጥቷል እንጂ ድኗል አይልም።»

ትክ ብሎ አየኝ። «መምህር፣ ይህችን እንኳ ይተዉልኝ።»

ተውኩለት።