ጋሼን «ጓድ» ያልሁበት ቀን

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ጣና ዳር ባለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክሊኒክ ድሬሰር ነበርሁ። ክሊኒኩ አንዲት ክፍል ነው፤ አንድ አልጋ፣ አንድ የመድኃኒት ቁም ሳጥን፣ አንድ በርሜል ውሃ። ሥራዬም የተቆረጠ ጣት ማሸግና የወባ ክኒን ማደል ነበር። በአሲድ ስለ ተቃጠለ ሰው የተማርሁት አንድ ከሰዓት ብቻ ነው። መምህራችን «ውሃ፣ ውሃ፣ አሁንም ውሃ! ሌላ ምንም እንዳትቀቡ» ብለው ነበር። ይኸው ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ።

በጨርቅ ማጠቢያው ክፍል አሲድ የሚመጣው በትልልቅ ጠርሙስ ነው። ያን የሚያነሡት ደግሞ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ ከዱርቤቴ የመጡ፣ አምሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ነበሩ። የጎማ ጓንታቸው ተቀዳዶ ካለቀ ቆይቷል። እኔ አዲስ እንዲገዛ ሦስት ጊዜ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። እሳቸው ግን በየስብሰባው እጃቸውን እያወጡ «ጓንቱስ የት ደረሰ?» ይላሉ። ያን ጊዜ ሌላው ሁሉ አንገቱን ይደፋል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ጩኸት ሰምቼ ወጣሁ። ሁለት ሠራተኞች ጋሼን ደግፈው እየሮጡ ይመጣሉ። ጠርሙሱ ከእጃቸው አዳልጦ ሲሚንቶው ላይ ፈንድቶ ኖሯል። ፊታቸውን፣ አንገታቸውን፣ ደረታቸውን አግኝቷቸዋል። «ዓይኔን! ልጄ፣ ዓይኔን!» ይላሉ። ዘበኛው «ቅቤ! ቅቤ አምጡ!» ብሎ ጮኸ።

«ቅቤ አይነካቸውም! ውሃ!» አልሁ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ።

ሸሚዛቸውን በመቀስ ቀድጄ ጣልሁና በጣሳ እየቀዳሁ አፈሰስሁባቸው። በርሜሉ ወዲያው አለቀ። ቧንቧውን ብከፍተው አየር ብቻ ተነፈሰ። ከአጥሩ ኋላ ያለው ሐይቁ ነው። ዳሩን በሞላው ረጅም ሣር፣ በፊላው መሐል ጉማሬ ስለሚውል ማንም አይወርድበትም። ግን ሌላ ምን ነበረኝ? እጃቸውን ይዤ ወረድን። ውሃው ወገቤ ድረስ ሲደርስ አስቀመጥኋቸው። ሽፋሽፍታቸውን በጣቴ ከፍቼ እየያዝሁ ዓይናቸው ውስጥ አፈስሳለሁ። እሳቸው ይጮሃሉ፤ እኔ ፊላው በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዘወር ብዬ አያለሁ። መኪና እስኪመጣ ድረስ አላቆምሁም። የለበስሁት ነጭ ጋዋን ማታ ሳጥበው እጄ ላይ እንደ ራሰ ወረቀት ተበጣጠሰ።

ሐኪም ቤት ሁለቱንም ዓይናቸውን በፋሻ ሸፈኑላቸው። ነርስ ስላነሰ ቁስላቸውን እኔ እየሄድሁ እንዳጥብ ተፈቀደልኝ። የሞተውን ቆዳ በመቆንጠጫ ሳነሣ ጥርሳቸውን ነክሰው ይታገሣሉ። በሦስተኛው ቀን ግን ምሬታቸው ወጣ። «የሰው ዓይን ከአንድ ጓንት አንሶባቸው!» አሉኝ። «አብዮት ይሉታል ደግሞ።» ዘወር ብዬ በሩን አየሁ። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ቃል ተወስዶ የቀረ ሰው አውቃለሁ።

በማግሥቱ የፋብሪካው ካድሬ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ። የእኔ እኩያ ነው፤ ወገቡ ላይ ሽጉጥ ታጥቋል።

«ይህ አደጋ አይደለም፣ አሻጥር ነው» አለኝ። «የምርት ዘመቻውን ለማደናቀፍ ሆን ብለው ነው የሰበሩት። አንቺን ያምኑሻል። አንቺ ጠይቂያቸው፤ እኔ ቆሜ እሰማለሁ። መኖሬን እንዳትነግሪያቸው።»

አብረን ገባን። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ጋሼ ኮቴ ሰምተው በፋሻ የተሸፈነ ፊታቸውን ወደ እኛ አዞሩ። «መጣሽ ልጄ?» አሉ።

ለማስጠንቀቅ እጃቸውን ልጨብጥ አሰብሁ፤ ካድሬው ያያል። ላስልም አሰብሁ፤ ያውቃል። ያለኝ አፌ ብቻ ነው።

«እንደምን አደሩ፣ ጓድ» አልሁ።

አንድም ቀን እንዲህ ብያቸው አላውቅም። ፊታቸው እንደ ዞረ ቀረ። አልገባቸውም ብዬ ፈራሁ።

«ጠርሙሱ እንዴት ነው የወደቀው?» አልሁ።

«እጄ ርሶ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አዳለጠኝ። ጥፋቱ የእጄ ነው። የመንግሥት ንብረት አጠፋሁ፤ ያሳዝነኛል።»

«ጓንት አልነበረዎትም?»

«ነበር። እኔ ነኝ ያወለቅሁት።»

ካድሬው ጥቂት ቆሞ ወጣ። እኔም ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠብቆ «ሁልጊዜ ጓድ ነው የምትያቸው?» ሲል ጠየቀኝ። «አዎ» አልሁ። ዓይኔን አየኝ። ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ሄደ።

ፋሻው ሲፈታ ቀኝ ዓይናቸው ተረፈ፤ ግራው ግን ነጭ ሆኖ ቀረ። ሐኪሙ ሐይቁ ውስጥ ያ ሁሉ ውሃ ባይፈስባቸው ሁለቱም ይጠፉ እንደ ነበር ነገረኝ። ለወራት መኪና ክሊኒኩ በር ላይ በቆመ ቁጥር ሥራዬን ትቼ በመስኮት አይ ነበር። እኔን ሊወስደኝ የመጣ ሰው ግን አልነበረም።

ጋሼ ወደ ሥራ ሲመለሱ በር ጠባቂ አደረጓቸው። ጠዋት ጠዋት ስገባ «እንደምን አደርሽ» ይላሉ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ አልፋለሁ። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም። እሳቸው ስለ አብዮቱ ያሉትን እኔ አውቃለሁ፤ እኔ ያደረግሁትን እሳቸው ያውቃሉ። ሌላ ዘመን ቢሆን ይህ ያዛምደን ነበር። እኛ ግን ተፈራራን።