ሐዘንተኛዋ የሙሽራ ልብስ ሰፊ

ቢቶንቶ ከተማ፣ ከካቴድራሉ ኋላ ባለችው ጠባብ መንገድ ላይ «አዶሎራታ፦ የሙሽራ ልብስ» የሚል ታፔላ የተሰቀለ ዕለት፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ቁልፍ ፍለጋ ገባ። ክፉ ነገር ያየ ሰው ብረት ይነካል፤ ያ ታፔላ ክፉ ካልሆነ ደግሞ ክፉ የሚባል ነገር የለም። አዶሎራታ ማለት «ሐዘንተኛዋ» ነው። በልጇ ሞት ልቧን ሰይፍ የወጋት፣ በስቅለት ዕለት ሐውልቷ ጥቁር ለብሶ በከተማው የሚዞረው የእመቤታችን ስም ነው። ታዲያ የትኛዋ እናት ናት «ልጄ፣ ሐዘንተኛዋ ዘንድ ሂጂና ቬሎሽን አሰፊ» የምትል?

ስሙ ብርቅ ሆኖ አይደለም። በዚያን ዘመን በደቡብ ኢጣሊያ በፑልያ ምድር አዶሎራታ የሌለችበት ቤት ከተገኘ ሴት ልጅ ያልተወለደበት ቤት ነው። የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ የአባቷን እናት ስም ትወርሳለች፤ ይህ ሕግ ነው፣ ማንም አይጠይቀውም። የእኛዋ አዶሎራታ አያት አምስት ወንዶች ልጆች ነበሯት፤ አምስቱም ሴት ወለዱ፤ አምስቱንም አዶሎራታ አሏቸው። በአንድ ግቢ ያደጉትን እነዚህን ልጆች ለመለየት አንዷ ዶራ፣ አንዷ ዶሪና፣ አንዷ ቲና፣ አንዷ ሎራ ተባሉ። የመጨረሻዋ ስትወለድ የቁልምጫው ስም ሁሉ ተከፋፍሎ አልቆ ነበርና ሙሉው ስም ከነክብደቱ ለእሷ ቀረ።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእሷን ያወጣው መልአክ ግን ያን ቀን ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሳይሆን አልቀረም። ልጅቱ ስትበዛ ሳቂታ ነበረች። በአያቷ ቀብር ላይ እንኳ የቄሱን ቆብ ነፋስ ነጥቆ አንዲት ባልቴት ራስ ላይ ሲጭነው፣ ሳቋ አምልጧት ከመቃብር ቦታው በክንዷ ተጎትታ ወጥታለች።

ባሏ ኮሲሞ የወይራ ዘይት መጭመቂያ ሠራተኛ ነው፤ ዝምተኛ፣ ነገር የማይወድ ሰው። የታፔላው ነገር ግን እሱንም አስጨነቀው።

«ስሚኝ፣ 'ዶራ' ብለሽ ጻፊው። አጭር ነው፣ ያምራል፣ ቀለምም ይቆጥባል።»

«ዶራማ የአጎቴ ልጅ ናት፤ ዓሣ ነው የምትሸጠው። ሙሽሮቹ ቬሎ ፍለጋ ዓሣ ቤት ቢሄዱብኝስ?»

«ሙሽሮቹ እኮ ስሙን ይፈሩታል፣ አንቺ!»

«በእኔ ስም የፈራች ሙሽራ፣ ባሏን በሌሊት ልብሱ ያየችው ቀን ምን ልትሆን ነው?» አለችና ሳቀች። ታፔላው እዚያው ቀረ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት አንድም ሙሽራ ዝር አላለችም። አዶሎራታ የወንድ ሱሪ እያሳጠረች፣ የተማሪ ኮት ክርን እየጣፈች ተቀመጠች። ከላይ ፎቅ የምትኖረው የባሏ እህት ፓልሚና ደግሞ በየቀኑ ከደረጃው አናት ላይ ትጮሃለች።

«የወንድሜ ሚስት! ዛሬስ ስንት ሙሽራ መጣ?»

«ሁለት! አንዱ ጢም አለው፣ አንዱ ጡረተኛ ነው!»

በዚህ መሃል ሲኞራ ቪንቼንዛ የምትባል የከተማዋ ወይዘሮ መጣች። ልጇ ግራዚያ ልታገባ ነው፤ ሰርጉም ተጣድፏል። የተጣደፈበትን ምክንያት ከተማው በሙሉ ያውቃል፣ ማንም አይናገርም፤ የግራዚያ ወገብ ብቻ ሳምንት በሳምንት እየገፋ ይናገራል። የትልቋ ከተማ የባሪ ልብስ ሰፊዎች «በዚህ ጊዜ ውስጥ አይደርስም» ስላሉ ሲኞራ ቪንቼንዛ በጓሮ በር ገባች፤ የቤቷን ቁልፍ በግራ እጇ ጨብጣለች።

«ትሰፊያለሽ፤ ግን ስምሽ ያለበትን ጨርቅ ልብሱ ውስጥ እንዳታኖሪብኝ። እንዳትቀየሚኝ ብቻ።»

«ሲኞራ ቪንቼንዛ፣ ቁልፉን እዚያ ያስቀምጡት። እኔ እጅ ላይ መቀስ አለ፤ ለሁለታችንም የሚበቃ ብረት ነው።»

ቬሎውን እንዲህ ቆረጠችው፦ ከደረት ሥር ጀምሮ በዳንቴል እየሰፋ ስለሚወርድ፣ ግራዚያ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ሰው ሁሉ የሚያየው ዳንቴሉን ሆነ። ሰርጉ ሰመረ፤ ልጁም ጊዜውን ጠብቆ ተወለደ፤ ማለት «ሳይደርስ ነው የተወለደው» ተባለ፣ አራት ኪሎ ተኩል ሆኖ።

ነገሩ በዚህ ያበቃ ነበር፤ ግን በዚያው ወር በጎረቤት ከተማ አንድ ጉድ ተሰማ። እዚያ «ፌሊቺታ» ማለትም «ደስታ» የምትባል ሴት ትልቅ የቬሎ ሱቅ ነበራት። የእሷን ቬሎ የለበሰች ሙሽራ መሠዊያው ፊት ቆማ ስትጠብቅ ሙሽራው ወደ ቤልጅግ በሚሄደው ባቡር ተሳፍሮ ነበር። ፓልሚና ይህን የሰማችው ዳቦ ቤት ተሰልፋ ነው። እዚያው ቆማ ነገሩን በአንድ ቃል ቋጨችው።

«አያችሁ? ደስታ ዘንድ የሄደችው አለቀሰች፤ ሐዘንተኛዋ ዘንድ የሄደችው ልጅ ታጠባለች። የእኛዋ ሐዘኑን ሁሉ በስሟ ተሸክማዋለች፤ ለሙሽራ የሚተርፍ የለም!»

የዳቦ ቤት ሰልፍ የሰማው ነገር በቢቶንቶ እስከ ምሳ ሰዓት ወንጌል ይሆናል። ከዚያ በኋላ እናቶች በፊት ለፊት በር መግባት ጀመሩ። ሲኞራ ቪንቼንዛም ሁለተኛ ልጇን ይዛ ተመለሰች።

«የስሙን ጨርቅ በልብ በኩል ስፊው» አለች፤ ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሁለት ብታደርጊውስ? የዚችኛዋ እጮኛ ዓይኑ ይቅበዘበዛል።»

አዶሎራታ እንዲህ እየሳቀች፣ ስፒል በከንፈሯ እንደያዘች አረጀች። የከተማዋን ሴት ግማሹን የዳረችው እሷ ናት ብትሏት አትክድም። በመሃሉ ግን ስሟ ሳይታወቅ እየሳሳ ሄደ። ልክ የምትለካቸው ልጃገረዶች ጄሲካ፣ ሳማንታ፣ ሻሮን ሆኑ። ዶራና ዶሪና ሞቱ፤ ቲና ቦነስ አይረስ ገባች፤ ሎራ ሚላኖ ሄዳ ስሟን «ሎሬዳና» አለች።

«ድሮ አደባባይ ላይ 'አዶሎራታ!' ብሎ የተጣራ ሰው ግማሽ ገበያ ይዞርለት ነበር» ትላለች። «ዛሬ የምዞረው እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱም አንገቴ ካልተያዘ።»

አንድ ልጇ ሳቬሪዮ በሰሜኑ ጫፍ ቶሪኖ ከተማ ነው የሚኖረው። እዚያው ያደገች ሲልቪያ የምትባል አስተማሪ አገባ። ሲልቪያ ፀነሰች፤ ጽንሱ ሴት መሆኑም ታወቀ። ያን ጊዜ መንገዱ ሁሉ ጠያቂ ሆነ፦ ስሙስ?

«የፈለጉትን ይበሏት» ትል ነበር አዶሎራታ። «ከፈለጉ ማክሰኞ ይበሏት። እኔ ምን ቸገረኝ?»

አንድ ቀን ግን ፓልሚና ሳታንኳኳ ገብታ፣ የክርስትና ቀሚስ ደረት ላይ በነጭ ሐር «አ» የሚል ፊደል ስትጠልፍ ያዘቻት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አበባ ነው።»

«እግር ያለው አበባ?»

«የሰሜን አበባ ነው፤ አታውቂውም። ውጪልኝ!»

ሳቬሪዮ በመጨረሻ ስልክ ደወለ። ስለ ቶሪኖ ጉም አወራ፣ ስለ ሐኪም ቤቱ መኪና ማቆሚያ አወራ፣ ልጅቷ ፀጉራም መሆኗን ነገራት። ስሟን ግን አላነሣም።

«ስሟን ማን አላችኋት፣ ልጄ?»

«ሌቲዚያ፣ እማዬ።»

ሌቲዚያ ደስታ፣ ፍሥሐ ማለት ነው። ከጥንት ከላቲን የመጣ፣ የተከበረ ስም ነው፤ ማንም እንከን አያወጣለትም። አዶሎራታም አላወጣችለትም። «ደስ የሚል ስም ነው፤ እንኳን ማርያም ማረቻት» ብላ ስልኩን ዘጋችና የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ሳቋ ጠፋ። ኮሲሞ የሚወደው ዝምታ ቤቱን ሲሞላው ኮሲሞ ራሱ ፈራ። ሙሽራ ልጇን ልታስለካ የመጣች አንዲት እናት የአዶሎራታን ፊት አይታ ቦርሳዋ ውስጥ ቁልፍ ስትፈልግ ተገኘች።

«እሰይ!» አለች ፓልሚና። «ስምሽን ለመምሰል ስልሳ ዓመት ፈጀብሽ!»

አዶሎራታ ቀና ሳትል መስፋቷን ቀጠለች። ፓልሚናም ይህን ስታይ ቀልዱን ትታ፣ ትኩስ የፎካቻ ዳቦ ይዛላት ወረደች።

ለፋሲካ ሳቬሪዮና ሲልቪያ ክርስትና ለማስነሣት ሕፃኗን ይዘው መጡ። ሳቬሪዮ ሻንጣ እንዳስቀመጠ ከአባቱ ጋር ሹልክ ብሎ ወጣ። ሲልቪያ ግን ልጅቷን ታቅፋ ሱቁ ውስጥ ገብታ ቆመች።

«እማማ፣ ተቀይመውኛል።»

«እኔ? በምን?»

«ሳቬሪዮ 'አልተቀየመችም' ይላል። እሱ ግን ባቡር ቢገጨውም 'ምንም አልሆንኩም' የሚል ሰው ነው።»

አዶሎራታ ክር ፈለገች፤ ክሩ ፊቷ ነበር።

«ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች ሲልቪያ። «እሱ አዶሎራታ እንበላት አለኝ። ትርጉሙን ጠየቅኩት፤ ነገረኝ። 'እናትህ እንዲህ ናት?' አልኩት። 'እናቴማ ስትስቅ የካቴድራሉ እርግብ ይበራል' አለኝ። እንግዲያው እናትህን የምትወድ ከሆነ ስሟን ሳይሆን ሳቋን እናውርሳት አልኩት። ካጠፋሁ ይንገሩኝ።»

«እንዲህ ከሆነ... ሌቲዚያ የተባልኩት እኔ ነኝ?»

«እርስዎ ነዎታ!»

«ኧረ ጉድ!» ስትል ፓልሚና ከደረጃው ላይ ተሰማች። «ዕድሜ ልክሽን በሰው ስም ስትጠሪ ኖረሻል በይኛ!»

አዶሎራታ የመሳቅ ዓይነት ድምፅ አወጣች፤ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ቢሆንም» አለች፣ «ቢሆንም እኮ የአያቴ ስም ነበር። ከእኔ ጋር ሊቀበር ነው ብዬ ነው እንጂ...» ቀሚሱን አውጥታ የጠለፈችውን ፊደል ልትተረትር መቀስ አነሣች። ሲልቪያ እጇን ያዘቻትና «ይቅር፤ እዚያው ይሁን» አለቻት።

እሁድ ዕለት አባ ጋኤታኖ በማጥመቂያው ፊት ቆመው ጠየቁ፦ «ለልጃችሁ ምን ስም ሰጣችኋት?»

«ሌቲዚያ» አለ ሳቬሪዮ። ከዚያ ሚስቱን አየ፤ እሷም ራሷን ነቅንቃ «ቀጥል» አለችው። «ሌቲዚያ አዶሎራታ።»

አባ ጋኤታኖ መነጽራቸውን አወለቁ። «ደስታ ሐዘንተኛዋ? ልጆቼ፣ ቁርጡን ንገሩኝ እንጂ።»

«አባ፣ ሁለቱንም ይጻፉላት!» አለች አዶሎራታ ከኋላ፣ ቤተ ክርስቲያን መሆኑንም ረስታ። «ኑሮዋን እየኖረች ትመርጣለች!»

ምእመናኑ ሳቁ፤ ሕፃኗ ውኃው ሲነካት ቤቱን በጩኸት አናጋችው።

እንግዶቹ ሲመለሱ ባቡር ጣቢያ ላይ ሲልቪያ፣ «በመከር ይምጡልን» አለቻት። አዶሎራታ ከባሪ አልፋ አታውቅም። «ሙሽሮቹን ለማን ትቼ?» አለች። ጥቅምት ሲገባ ግን ኮሲሞን ኮት አልብሳ፣ አንድ ቆርቆሮ የወይራ ዘይትና ሁለት ከረጢት ታራሊ የሚሉትን ደረቅ ብስኩት አሸክማ ተነሣች። የሱቁ በር ላይ «ሙሽሮች ታገሡ፤ ቶሪኖ ነኝ» የሚል ወረቀት ለጠፈች። ፓልሚና ከሥሩ በእርሳስ ጨመረችበት፦ «ታጋሽ ያልሆነ ሙሽራ ቢኖር ቤልጅግ የሚሄደው ባቡር አሁንም አለ።»