ጌሾ ያልነካው ወይን

ጣልያኑ ቤታችን የገባው በፍልሰታ ጾም፣ ዝናቡ እንደ ጉድ ሲወርድ ነው። ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው ጭቃ ነበር፤ በብብቱ ደግሞ አንድ ጠርሙስ አቅፏል።

ባለቤቴና ጓደኞቹ ከደጀን ወደ ማርቆስ የሚጓዙ የጠላት ካሚዮኖችን መንገድ ላይ አድፍጠው መትተው፣ እሱን ከአንዱ መሪ ላይ አውርደው ማርከውታል። ሾፌር ነው። ሰዓቱን ሲወስዱበት ዝም፣ ካፖርቱን ሲገፍፉት ዝም። ጠርሙሱን ሊነጥቁት ሲሉ ግን መሬት ላይ ተደፍቶ በሆዱ ሸፈነው አሉ።

«ቦምብ መስሎን ልንተኩስበት ነበር» አለኝ ባለቤቴ እየሳቀ። «ለካ መጠጥ ነው! አለቃችን ‹ተዉለት፣ ልጁን ያቀፈ ነው የሚመስለው› አሉና ተውንለት።»

አለቃቸው ጣልያኑን በጠላት እጅ በተያዘ ሰው ሊለውጡት አስበው፣ እስከዚያው ዲማ እኛ ቤት እንዲቀመጥ አዘዙ። ቤቱ የባለቤቴ ወላጆች ቤት ነው። አባባ የምላቸው የባለቤቴ አባት የደብሩ ገበዝ ነበሩ፤ የቅዳሴውን ዕቃና የቁርባኑን ነገር ሁሉ የሚጠብቁ ቄስ። እማማ የምላቸው እናቱ ደግሞ ቤቱን ያስተዳድራሉ። ባለቤቴ ጫካ ከገባ ወዲህ እኔ ከእነሱ ጋር ነበርኩ። ያኔ ገና ልጅ እግር ነኝ፤ ጠጅ በመጣል ግን በአካባቢው የሚስተካከለኝ አልነበረም። ማኅበር ሲሆን፣ ሰርግ ሲሆን፣ «የገበዙን ምራት ጥሩልን» ይባላል። ይህን ስናገር ዛሬም ደስ ይለኛል።

ለጣልያኑ ጠባቂ ተመደበለት፤ ጠመንጃቸው ከሳቸው የሚረዝም አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን። ምርኮኛው ከመንገድ ሥራና ከገበያ የለቀማት አማርኛ ነበረችው፤ ሁሉንም ሰው አንተ ይላል። አባባን እንኳ «አንተ አባ» ሲላቸው እማማ ማማሰያቸውን አንስተው «እርስዎ በል!» ይሉታል። እሱም «እርስዎ በል» ብሎ ይደግመዋል።

ጠርሙሱን መደቡ ጥግ አስቀምጦ፣ በየጠዋቱ እያነሳ ወደ በሩ ብርሃን ከፍ አድርጎ ያየዋል። ከዚያ መልሶ ያስተኛዋል። እኔ መጠጥ የማውቅ ሰው ነኝና ሆዴ ውስጥ ጉጉት ገባ። አንድ ቀን አላስችል ቢለኝ ጠየቅሁት።

«ምንድን ነው ያለበት?»

«ወይን። ቀይ። አባቴ ሠራ።»

አመዱ ላይ በጣቱ ሣለልኝ። ኮረብታ፤ በኮረብታው ወገብ ላይ እንደ ተማሪ ተሰልፈው የቆሙ ተክሎች፤ ከታች ቤት። አባቱ፣ እናቱ፣ ሁለት ወንድሞቹ። እርሻው ከአውድማችን እስከ አጥራችን ቢደርስ ነው። አባቱ ለሱቅ አይሸጥም፤ ለጎረቤትና ለመንደሩ ቄስ ይሰጣል እንጂ። ማዶ ያለውን ሌላ ኮረብታ ሣለና «ይህ አፈር ነጭ፣ ወይን ሌላ። የኛ አፈር ቀይ፣ ወይን ሌላ» አለ።

ወዲያው ገባኝ! የአደይ ማርና የግራር ማር አንድ እንደማይሆን እኔስ መቼ አጣሁት? «ንቧ የቀሰመችበት ነዋ!» አልኩት። ንብ የሚለውን ባያውቅም እጄ ሲበር አይቶ ገባውና ከመጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሱን አየሁት።

ለመስቀል ጠርሙሱን ከፈተው። ማንም አላስገደደውም፤ ደመራው ተለኩሶ ሰው ሲዘፍን ሲያይ ራሱ አንስቶ ወደ አባባ አመጣው። ብርሌ ብሰጠው አየውና ራሱን ነቀነቀ፤ አፍንጫ አያስገባም ማለቱ ነው። እማማ ሸክላ መሳይ ነጭ ኩባያ አወጡለት። ቡሹን በጥርሱና በሚስማር ታግሎ አወጣ። አባባ ባርከው ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እማማ ቀመሱና «ኧረ ይህስ ኮምጥጧል!» አሉ። ከዚያ ተራው የኔ ሆነ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ጣፋጭ አይደለም! ምላሴን እንዳልበሰለ ሾላ ሰብስቦ ያዘኝ። ልተፋው ስል ግን አፌ ውስጥ ተለወጠ። እንጆሪ ሸተተኝ። ቀጥሎ ዝናብ የመታው አፈር፣ ቀጥሎ ደግሞ አዲስ የለፋ ቆዳ። ዋጥኩት፤ ከዋጥኩትም በኋላ ደረቴ ውስጥ እየሄደ ሌላ ነገር ይነግረኛል። ሰውነቴ ጋለ።

«ማሩ የት አለ?» አልኩት።

«ማር የለም።»

«ጌሾስ?»

«ጌሾ የለም። ውሃ የለም። ወይን ብቻ!»

ያለ ማር፣ ያለ ጌሾ፣ ያለ ብቅል፣ ከአንድ ፍሬ ብቻ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል? ራሴን ያዞረኝ መጠጡ ይሁን ወሬው አላወቅሁም። ተነስቼ «ና!» ብዬ ወደ ጓሮ ወሰድኩት፤ ጠባቂው ሽማግሌ ጠመንጃቸውን እየጎተቱ ከኋላ ተከተሉን።

ጓሯችን ውስጥ አንድ ወይን ነበር። አባባ ከገዳሙ ቅርንጫፍ አምጥተው የተከሉት፣ ወይራው ላይ ተጠምጥሞ ጫፉ ላይ የወጣ። ያፈራል ብለው ነበር፤ ግን ቅጠል ብቻ ሆነ። አልፎ አልፎ የሚያወጣትን ጥቃቅን ዘለላም ወፍ ይጨርሳታል። ይህ ነገር አባባን ያሳዝናቸው ነበር፤ ምክንያቱም ጠላት ከገባ ወዲህ ነጋዴ ዘቢብ ማምጣት ትቷል፤ ያለ ዘቢብ ደግሞ የቁርባኑ ወይን የለም። የቀረቻቸውን እየቆጠቡ «ይህች ስታልቅ ምን ይዤ እቀድሳለሁ?» ይሉ ነበር።

ጣልያኑ ግንዱን ዞረው፣ ዳሰሰው፣ በጥፍሩ ልጣጩን ፋቀው። ከዚያ ዘወር ብሎ «ቢላ! ቢላ ስጠኝ!» አለ።

«ለምርኮኛ ቢላ!» ሽማግሌው ጠመንጃቸውን ደገኑ። ብዙ ተከራክረን በማጭድ ተስማማን።

ወይራው ላይ ወጣና ይከረክመው ጀመር። መጀመሪያ ደረቁን፣ ኋላ እርጥቡን፣ ኋላም ሁሉን። መሬቱ በቅጠል ተሸፈነ። እኔ የሚቆርጥበትን ቦታ አያለሁ፤ በየቅርንጫፉ ላይ ሁለት ሁለት ዓይን ብቻ ያስቀራል። ድምፁን ሰምተው እማማ ብቅ አሉና ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ኡኡ! ጠላት ተክላችንን ጨረሰው!»

ወይኑን ቀምሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደው የነበሩት አባባ ሲመለሱ ከዚያ ሁሉ ልምላሜ የቀረው የተጠማዘዘ ግንድና አጫጭር ጉቶ ነበር። አባባን ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን አየኋቸው።

«ስንት ዓመት ያሳደግሁትን ገደልኸው!»

«አልሞተም፣ አባ። ይተኛል።»

«አንተ ነህ ተኚ! እግር ብረት አግቡለት!»

«አባባ፣ ወስጄ ያሳየሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «ሲቆርጥም አይቻለሁ፤ በዘፈቀደ አይደለም። እስኪ ትንሽ ይታገሡን።» አባባ ቀና ብለው አዩኝና ገቡ። ጣልያኑ በጥጆች በረት ውስጥ እግሩ ታስሮ አደረ።

በማግስቱ ጠዋት ጓሮ ብወጣ፣ ከተቆረጡት ጫፎች ሁሉ ውሃ ይንጠባጠባል። እማማ አይተው «ይኸው፣ ያለቅሳል!» አሉኝ። ለጣልያኑ ብነግረው በሰንሰለቱ እያቃጨለ ዘለለ። «ጥሩ! ጥሩ! ሕይወት አለው!»

በየጠዋቱ ፊቴን ሳልታጠብ ወደ ጓሮ መሮጥ ሆነ ሥራዬ። ጥቅምት ሳይጋመስ ዓይኖቹ አበጡ። አንድ ቀን ሮዝ የመሰለ ጫፍ ብቅ አለ፤ በሳምንቱ ቅጠል፤ ከቅጠሉ ሥር ደግሞ የጤፍ ዛላ የምታክል አረንጓዴ ዘለላ! ጮህኩ። አባባ መጡ። በጣታቸው ጫፍ ነክተው፣ ሌላውን ቅርንጫፍ አዩ፣ ሌላውንም አዩ። በሁሉም ላይ አለ። ወደ በረቱ ሄደው እግር ብረቱን በራሳቸው እጅ ፈቱት።

ከዚያ በኋላ ቤታችን በሙሉ የወይን ጠባቂ ሆነ። ጠባቂው ሽማግሌ ጣልያኑን ትተው ወፍ መጠበቅ ያዙ፤ ወንጭፋቸው ሲጮህ ከማዶ ይሰማል። ጣልያኑ ዘለላው ፀሐይ እንዲያገኝ ቅጠል ያነሳል፤ እኔ ሥሩን እኮተኩታለሁ። በጥር ፍሬው መቅላት ጀመረ፤ በየካቲት ጠቆረ። ያን ሰሞን ወሬውም ይፈላ ነበር፤ ጃንሆይ ገብተዋል ይባላል፣ አውሮፕላን በላያችን ያልፋል፣ ባለቤቴ «በርቱ፣ ደርሷል» ብሎ ሰው ይልካል።

በለቀማው ቀን አባባ ጸሎት አድርሰው የመጀመሪያውንና ያማረውን ዘለላ ለቤተ ክርስቲያን ለዩ። በሰፌድ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ዘቢብ እስኪሆን ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀዱም። የቀረውን ወደ እኔና ወደ ጣልያኑ ገፋ አደረጉት። «በሉ፣ አሳዩን» አሉ።

እኔ እንስራዬን እንደ ደንቡ በወይራ አጥኜ፣ አዘጋጅቼ ጠብቄያለሁ። ጣልያኑ አፍንጫውን አስገባና እንደተወጋ ሰው ጮኸ።

«ጭስ! ለምን ጭስ?»

«ያልታጠነ እንስራ ውስጥ መጠጥ? ሰው ምን ይለኛል!»

«ጭስ የለም! ጌሾ የለም!»

«ማርስ ትንሽ? በጣት?»

«የለም!»

ከጎረቤት አዲስ እንስራ ለምኜ አምጥቼ በፈላ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩ። ፍሬውን በገበቴ አድርገን በእጃችን ጨፈለቅን። ጭማቂው ነጣ ያለ ነበር፤ «ቀይ አይደለም እኮ!» ብዬ ብጠይቀው ልጣጩን አሳየኝ። ቅላቱ ያለው ልጣጩ ላይ ነው፤ አብሮ ሲቆይ ይሰጣል። ከነልጣጩ ገለበጥነውና አፉን በጨርቅ ሸፈንነው።

መቼም የዚያን ሰሞን የሆነውን እስክሞት አልረሳውም። አስቀድሞ «የኔ» ማለትን አስተምሬው ነበር። ቤት ቤቴ፣ ልጅ ልጄ፣ ወይን ወይኔ። እንግዲህ አንድ ጠዋት ጨርቁን ሲገልጥ እንስራው ይፈላል! ልጣጩ ወደ ላይ ገፍቶ፣ ቀይ አረፋ ደፍቆ፣ እንደ ዝናብ እየተንሿሿ። ጣልያኑ በደስታ አብዶ ወደ ደጅ ሮጠና እጁን ዘርግቶ መጮህ ጀመረ።

«ወይኔ! ወይኔ! ወይኔ!»

ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ሴቶች ነጠላቸውን እየገለበጡ፣ ደረታቸውን እየመቱ መጡ። አንዷ የባለቤቴ መርዶ መስሏት ስሙን ጠርታ ሙሾ አወረደች። እማማ ከቤት ወጥተው እሳቸውም ሊጮኹ ሲሉ እኔ ከሳቅ የተነሳ መናገር አቅቶኝ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ማንም አልሞተም! ወይኑ ነው! ወይኑ ፈላለት!»

በመንገድ ሲያልፍ የቆመ አንድ የቅኔ ተማሪ «እኛ ሰምና ወርቅ ፍለጋ ዓመት እንንከራተታለን፤ ጣልያን በአንድ ቃል ተቀኘ!» ብሎ እያጨበጨበ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአገሩ ስሙ «ወይኔ» ሆነ።

መፍላቱ ሲረጋ አጥልለን፣ አፉን በጭቃ መርገን የሁዳዴን ጾም በሙሉ ተውነው። አላልፍ ያለኝ ጾም ያ ነው። ፋሲካ ሳይደርስ ጠላት ከማርቆስ መውጣቱ ተሰማ። እልልታው ከመንደር መንደር ሲሻገር ጣልያኑ መደቡ ላይ ተቀምጦ እጁን ያይ ነበር፤ ምን ያደርጉኝ ይሆን ብሎ ፈርቷል። አባባ አጠገቡ ተቀመጡና «እኔ ቤት እስካለህ የሚነካህ የለም» አሉት።

ባለቤቴ ለፋሲካ ደረሰ፤ ከስቶ፣ ጸጉሩ ትከሻው ላይ ወርዶ፣ ጓደኞቹን አስከትሎ። ካገኘሁት ደስታ የተነሳ ቤቱ ጠበበኝ። ከቅዳሴ መልስ ጭቃውን ሰበርኩት። በዝግታ ቀዳሁ፤ ቀለሙ የደም ያህል ቀይ፣ ጥርት ያለ። መጀመሪያ ለአባባ፣ ከዚያ ለጣልያኑ ሰጠሁ። እሱ አሸተተ፣ ቀመሰ፣ ቆየ።

«እንደ አባቴ አይደለም» አለ። ልቤ ወደቀ። «አፈሩ ሌላ ነው። ግን ወይን ነው። እውነተኛ ወይን ነው!»

ቀመስኩት። ከጠርሙሱ የሻከረ ነበር፤ እንጆሪውም አልነበረም። በምትኩ የኮክ ልጣጭና፣ እምላለሁ፣ የወይራችን ሽታ ነበረው። እማማም «ኮምጣጣ» ማለታቸውን አልተዉም፤ ኩባያቸውን ግን ሁለት ጊዜ አስሞሉ። ጣልያኑ ጥቂቱን ለዓመታት እናስቀምጠው ብሎ ቢለምን፣ የባለቤቴ ጓደኞች በማግስቱ ጠጥተው ጨርሰው ባዶውን እንስራ ደፍተው አሳዩት። ሳቀ፤ ምን ያድርግ።

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ምርኮኞችን የሚሰበስቡ ሰዎች መጡ። ጣልያኑ የአባባን መስቀል ተሳለመና «ደህና ይሁኑ» አላቸው፤ አንተ አላላቸውም። እኔን ደግሞ «ሁለት ዓይን ብቻ፤ አትዘኚለት» አለኝ። እሺ አልኩት። እማማ ስንቅ ቋጥረውለት እስከ ወንዙ ሸኙት። አገሩ ይግባ፣ አባቱን ያግኝ፣ ወሬው አልደረሰንም።

አባባ በዚያው ሰሞን ከጓሯቸው በተገኘ ዘቢብ ቀደሱ። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ፊታቸው ያበራ ነበር። እኔም ክረምቱ እንደገባ ቅርንጫፍ ቆርጬ በአጥሩ ሥር ተከልኩ። ያቺ በባለቤቴ ሙሾ ያወረደች ጎረቤታችን መጥታ አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ አየችኝ።

«ለኔም ቁረጪልኝ እንጂ» አለች።

«ጌሾ የማትጨምሪበት ከሆነ» አልኳት።