አራት ጣት እጥፋት

ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ አራት ጣት» ነው የሚላት። አዲስ ሰው ሲሰማ አንድ ጣቷ የተቆረጠ ይመስለዋል። ኧረ አምስቱም ደህና ናቸው! ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ፣ የሱሪውን እግር ወደ ውስጥ አራት ጣት ሳታጥፍ የሰጠችው ልብስ የለም። «ልጅ አይደል? ያድጋል» ትላለች። ልጁ ሲመዘዝ እናቱ ስፌቱን ተርትራ እጥፋቱን ታወርድለታለች፤ ሱሪው አንድ ዓመት ይጨምራል።

ጦርነቱ ሲጀመር የምትሠራበት ስፌት ቤት የተማሪውን ሰማያዊ ጨርቅ አስወጥቶ የወታደሩን አረንጓዴ አስገባ። የእሷ እጅ ግን የጦርነቱን ወሬ የሰማ አይመስልም፤ እንደለመደው አራት ጣት ያጥፋል።

«እትዬ፣ ምን ጉድ ነው?» አላት ኃላፊው አንዱን ሱሪ ገልብጦ። ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፣ ቀልድ ይወዳል። «ይሄ ሁሉ ጨርቅ ለምን ይባክናል? ወታደር እኮ አያድግም!»

ሰፊዎቹ በሳቅ ፈነዱ። እሷም ሳቀች፤ ምን ታድርግ፣ ያኔ ያስቅ ነበር።

ልማዷን ግን አልተወችም። በስድስተኛው ወር ደግሞ የሚታዘዘው ልኬት እያነሰ መጣ። ሬዲዮው የፈለገውን ይለፍፍ፣ እሷ በእጇ ታውቀዋለች፤ ያ ወገብ የአሥረኛ ክፍል ልጅ ወገብ ነው። ቤቷም እንደዚያ ያለ ወገብ ያለው አንድ ልጅ አለ። አንድ ብቻ። አባቱ የሞተው ልጁ ገና በዳዴ ሲሄድ ነው።

አንድ ቀን ልጁ ወረቀት ይዞ መጣ። በፈቃዱ የሚዘምት ሰው ዕድሜው አሥራ ስምንት ካልሞላ ወላጅ መፈረም አለበት።

«እማ፣ ፈርሚልኝ።»

«እጄን ቁረጠው!»

«ጓደኞቼ በሙሉ ተመዝግበዋል። እኔ ብቻ ጉያሽ ውስጥ ልቅር? ደሞ አራት ወር ነው የቀረኝ፤ ያኔ በግድ አፍሰው ከማላውቀው ሰው ጋር ይወረውሩኛል። አሁን ከሄድኩ ከጓደኞቼ ጋር ነኝ።»

ሦስት ቀን አኮረፋት። ምግቧን አልነካም፣ ዓይኗን አላየም። በአራተኛው ቀን ፈረመች። እስቲ ፍረዱ! ልጁ ያለው እውነት ነው፣ መውሰዳቸው አይቀርም። ግን አራት ወር ስንት ነገር ይለወጥበታል? እሷም እስከ ዛሬ ራሷን የምትበላው በዚህ ነው።

ሱሪውን ራሷ ሰፋችለት። ወገቡ ላይ በውስጥ በኩል ስሙን በጥቁር ክር ጻፈች፣ እግሩን አራት ጣት አጠፈች። ኃላፊው እያየ እንዳላየ ሆነ። ልጁ ሲለካው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ልክክ አለ። መሳቁን ብታዩት! ሠርጉ የደረሰ ነው የሚመስለው።

ልጁ በሄደ በስምንተኛው ወር፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ሁለት ሰዎች ከረጢት ይዘው ስፌት ቤቱ በር ላይ ቆሙ። የስፌት መኪኖቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ማንም የማንን ስም እንደሚጠሩ አላወቀም፤ እያንዳንዷ እናት የራሷ እንዳይሆን ለመነች። የተጠራችው እሷ ነበረች።

ከረጢቱ ውስጥ ማንኪያ፣ አንድ ሸሚዝና ሱሪው ነበሩ። ስሙን አየችው። የሰፊ ነገር ሆኖባት የሱሪውን እግር ገለበጠች። ያ ቀጥ ያለ ስፌቷ ተተርትሯል። በቦታው መርፌ ይዞ የማያውቅ እጅ የሰፋው አለ፤ ጠማማ፣ ወፍራም፣ ነጭ ክር። ልጇ ተመዝዞ፣ መርፌ ተውሶ፣ እጥፋቱን ራሱ አውርዷል። በቀረው እጥፋት ላይ ጣቶቿን አስቀመጠች። ለካች፣ ደግማ ለካች።

ተነስታ ሱሪውን ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ሽማግሌው ከወንበሩ ተነሳ።

«አድጓል» አለችው። «ሁለት ጣት አድጓል። ሌላ ሁለት ጣት ይቀረው ነበር።»