የአያ እድሪስ ግማሽ ምስክርነት

ልጅ ሳለሁ የቤታችን ነገር ሁሉ የተበላሸው አባቴ ለሐጅ በተነሣበት ዕለት ነው። አዲስ ዓለም የነበረው ግቢያችን በዘመድና በጎረቤት ተሞልቷል። በኛ ልማድ ሐጅ የሚሄድ ሰው ያስቀየመውን ሁሉ «አውፍ በሉኝ» ብሎ ይቅርታ ይጠይቃል። አባቴም ከአንዱ ወደ አንዱ እየዞረ ጠየቀ፤ በመጨረሻ እናቴ ፊት ቆመ። «ከልቤ አውፍ ብያለሁ፤ በሰላም ሄደህ በሰላም ተመለስ» አለችው። ሴቶቹ እልል አሉ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ያኔ ማታ ማታ ተረት የሚነግሩን የአባቴ አጎት አያ እድሪስ ነበሩ። ልብስ ሰፊ ናቸው። መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚጠፋ ፋኖስ ይለኮሳል፤ እሳቸው ከካውያቸው የተረፈውን ፍም ማንደጃ ላይ ይገለብጡልናል፤ እኛ ልጆች የላምባው ሽታ አፍንጫችንን እየሰነፈጠን፣ እጃችንን እያሞቅን እንሰማለን። የሚወዱት የበቅሎዋን ተረት ነበር። መንገደኛ በቅሎውን ለአንድ ባላገር አደራ ሰጥቶ ይሄዳል፤ ሲመለስ ባላገሩ «ጅብ በላት» ይለዋል። በቅሎዋ ገበያ ስትሸጥ ያየ አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው፤ ካጁ ደግሞ የሽማግሌው የእህት ልጅ ነው። ሽማግሌው ግን ዳኛ ፊት ቆሞ ያየውን ሁሉ ይናገራል። ዘመዶቹ ሲቆጡት «የእህቴ ልጅ መቃብር አብሮኝ አይገባም» ይላቸዋል። እዚህ ላይ አያ እድሪስ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በየተራ ፊታችንን ያዩን ነበር። ሽማግሌው ራሳቸው ይመስሉኝ ነበር።

አባቴ በሚሄድበት ዋዜማም ይህንኑ እየነገሩን ሳለ እናቴንና አባቴን ጠሯቸው። አባቴ የአራዳውን የልብስ ሱቅ የከፈተው እናቴ ስትዳር በመህር፣ በጥሎሽ መልክ፣ የተቀበለችውን የወርቅ አምባር ሸጣ ባበደረችው ገንዘብ ነው። «ባለ ሱቋ አበዳሪዬ» እያለ ይቀልድባት ነበር። ባለዕዳ ደግሞ አበዳሪው ሳይፈቅድለት ሐጅ አይሄድም። «ወርቅሽን ስመለስ እከፍልሻለሁ፤ እስከዚያው ፍቀጂልኝ» አላት። አያ እድሪስም «ፍቀጂለት ልጄ፣ ምስክሩ እኔ ነኝ» አሏት። ፈቀደችለት። ከዚያ ተረቱን ካቆሙበት ቀጠሉልን።

አባቴ ሐጂ ተብሎ በተመለሰ በዓመቱ ማክሰኝት ከተማ ሌላ ሴት አገባ፤ እናቴ ብትናገረው ፈታት። የጠየቀችው አምባሯን ብቻ ነበር። ኮላ ድባ ያለው ወንድሟ መደበኛ ፍርድ ቤት እንድትከስ ቢመክራትም፣ የራሳችን ሸሪዓ ይበቃኛል፣ አያ እድሪስ ያውቃሉ ብላ ወደ ሸሪዓው ፍርድ ቤት ሄደች።

አጠገቧ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበር። አባቴ ብድሩን አልካደም። «ሐጅ ስሄድ ግን በሰው ፊት አውፍ ብላኛለች» አለ። «የተፉት ምራቅ ተመልሶ ይላሳል?» ለሐጅ የሚሄድ ባሏን «ከወርቄ በቀር» ብላ የምትሸኝ ሴት የት አለች? ቃዲው አያ እድሪስን አውፍ ስትል ሰምተው እንደሆነ ጠየቋቸው። ሰምቻለሁ አሉ።

«ሌላ የሚያውቁት አለ?»

አያ እድሪስ አባቴን አዩት፤ ከዚያ መሬቱን አዩ። «የማውቀው ይህንኑ ነው።»

ቃዲው በሰሙት ለአባቴ ፈረዱ፤ በሳቸው አላዝንም። እኔም የዋዜማውን ቃል ሰምቻለሁ፤ ግን ልጅን ማን ይጠይቃል?

እናቴ በር ላይ ጠበቀቻቸው። «ምነው አያ እድሪስ? ምስክሩ እኔ ነኝ ብለውኝ አልነበረም?»

«እሱ ሰው ፊት ከተዋረደ ቤታችን ፈረሰ ማለት ነው» አሏት። «አንቺ ቻይ ነሽ ልጄ። ትችዪዋለሽ።»

ይህች ቃል እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች። የፈረሰው የኛ ቤት እንደ ቤት አልተቆጠረም። እናቴ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ቅዳሜ ገበያ በርበሬ እየሸጠች አሳደገችኝ፤ ቻይ ስለሆነች ሳይሆን ሌላ መንገድ ስላልነበራት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሕግ ያጠናሁት በዚህ ቂም ነው። ክፉ ቃልን ይቅር ማለት ሌላ፣ ብድርን መተው ሌላ እንደሆነ ለማወቅ ግን ዲግሪ አያስፈልግም ነበር፤ አያ እድሪስ ያውቁት ነበር። እናቴ ነገሩን ለአላህ ሰጥቼዋለሁ ትላለች። እኔ አልሰጠሁም።

ዛሬም ለልጅ ልጆቻቸው የበቅሎዋን ተረት ይነግራሉ አሉ። አርጅተዋል፣ ተዋቸው ይሉኛል ሰዎች። ተረቱን ልጠላው ሞክሬ አልቻልኩም፤ ከነድምፃቸው ውስጤ ቀርቷል፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው፤ የማያውቅ ሰው ቢበድለኝ ይቀለኝ ነበር።

አያ እድሪስ፣ እናቴ አሁንም መንገድ ላይ ስታገኝዎ ጤናዎን ትጠይቃለች፤ እርስዎም «አልሐምዱሊላህ» ብለው ያልፋሉ። እኔ የምጠይቅዎ ጤናዎን አይደለም። ቃዲው «ሌላ የሚያውቁት አለ?» ሲሉዎ ምላስዎን ምን ያዘው? እሷ በሕይወት ሳለች ደጃፏ ድረስ ይምጡና፣ እኔም እየሰማሁ፣ ይመልሱ።