ኮባው ውስጥ ያለው

ከአንጀት ኦፕራሲዮን ወዲህ ሰገራዬ የሚወጣው ሆዴ ላይ በተለጠፈ ከረጢት ነው። ነርሷ «መንገድ ስትሄድ ጎመን አትብላ» ብላኝ ነበር። እኔ ግን ወልቂጤ ላይ ጎመን ክትፎዬን ጥርግ አድርጌ የእምድብር ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ብዙም ሳንርቅ ከረጢቱ ተነፋ፤ ሽታው መኪናውን ሞላው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት በኮባ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈዋል። ሾፌሩ በመስታወት አያቸውና «እማማ፣ ቆጮዎ ጨረሰን» አላቸው።

«ምን ላድርግ ልጄ፣ የከረመ ነው» አሉት። እኔ መስኮት ከፈትኩ።

እምድብር ስንወርድ ግን አላስቻለኝም። «ይቅርታ እማማ፣ ሽታው ከእኔ ከረጢት ነው» አልኳቸው።

ዙሪያቸውን ቃኝተው ኮባውን ገለጥ አደረጉልኝ። ቆጮ የሚባል ነገር የለም። እንደ እኔው ያሉ መቀየሪያ ከረጢቶች ተደርድረዋል።

«ከማናችን እንደሆነ በምን አወቅህ?» አሉኝ። «ለማንኛውም አንተም ኮባ ያዝ።»